ቪስክሪ፦ ነጭ ቤተ ክርስቲያንና የሱፍ ካልሲ

በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ሮማንያ እንወስዳችኋለን። የምናሳያችሁ ግን ዋና ከተማዋን ቡካሬስትን ወይም የጥቁር ባሕርን ዳርቻ አይደለም። የካርፓቲያን ተራሮች በከበቡት በትራንሲልቫንያ ውስጥ ቪስክሪ የምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር አለች። ከብራሾቭ ከተማ ወደ ሲጊሾአራ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ቡኔሽቲ ስትደርሱ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያም በኮረብታዎቹ መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ትደርሱባታላችሁ።

ቤቶቿ በሰፊው መንገድ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ግድግዳቸው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ኖራ የተቀባ ነው። እያንዳንዱ ቤት ጋሪ የሚያስገባ ትልቅ የእንጨት በር አለው፤ ከበሩ በስተጀርባ ረጅም ግቢ፣ ከግቢው ጫፍ ደግሞ የድርቆሽና የእህል ማከማቻ ይገኛል። ሲመሽ ላሞቹ ከግጦሽ ተመልሰው፣ ማንም ሳይነዳቸው እያንዳንዷ የጌታዋን ደጃፍ ለይታ ትገባለች።

የመንደሯ ስም ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ነጭ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1141 እስከ 1162 የገዛው የሃንጋሪ ንጉሥ ዳግማዊ ጌዛ፣ በጊዜው በግዛቱ ሥር የነበረውን ይህን ጠረፍ የሚያለሙና የሚጠብቁ ሰዎች ከምዕራብ አስመጣ። የመጡት ከራይንና ከሞዜል ወንዞች አካባቢ ሲሆን ሳክሶን የሚል ስም ወጣላቸው። የመንደር ቋንቋቸው እስከ ዛሬ ድረስ የሉክሰምበርግን ቋንቋ ይመስላል። በ1224 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ዳግማዊ እንድርያስ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ የመብት ደብዳቤ ሰጣቸው።

ጠረፍ ጠባቂነቱ ግን ቀላል አልነበረም። ታታሮችና ቱርኮች በየጊዜው ይወርሩ ስለነበር ሳክሶኖቹ ቤተ ክርስቲያናቸውን በግንብና በማማ አጠሩት፤ ጠላት ሲመጣ ሕዝቡ ከነልጆቹ እዚያ ይገባል። ለቤት እመቤት የሚገርመው ግን የስንቁ አያያዝ ነው። በእነዚህ የሳክሶን መንደሮች እያንዳንዱ ቤተሰብ የእህል ሣጥኑን በምሽጉ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። በጨው የታሸውና በጭስ የደረቀው የአሳማ ሥብ ደግሞ የየቤቱ ምልክት እየታተመበት በማማው ውስጥ ይሰቀላል። ባለቤቲቱ በተወሰነው ቀን መጥታ የሚበቃትን ያህል ከቆረጠች በኋላ የተቆረጠው ጫፍ እንደገና ይታተማል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ቢነካው ወዲያው ይታወቃል። የጋራ ጎተራ ያለ ጭቅጭቅ እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ የተሻለ ዘዴ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ጎረቤታሞች ደግሞ እንደ እድር ያለ ማኅበር ነበራቸው። ቤት ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲጠረግ፣ ሰው ሲሞት በግዴታ ይረዳዳሉ። መልእክት ሲኖር የማኅበሩ ምልክት የሆነ ቅርጽ ያለው እንጨት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በቤተ ክርስቲያንም ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ያላገቡ ልጃገረዶች ረጅምና ክብ ጥቁር ቆብ ይደፋሉ፤ ከቆቡም ጥብጣብ በጀርባቸው ይወርዳል። ያገባች ሴት በሻሽ ትሸፈናለች። የሴቶቹ አግዳሚ ወንበሮች መደገፊያ የሌላቸው ጥብጣቡ እንዳይጨማደድ ነው ይባላል። ወገቧ ለደከመው እናት ምቾቱ እንዴት እንደነበረ ግን ታሪኩ አይነግረንም።

ይህ ሁሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተናጋ። ብዙ የሮማንያ ጀርመናውያን ወንዶች በ1943 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መሠረት የሂትለር ኤስ ኤስ ጦር ውስጥ ገቡ። ዕዳው የተከፈለው ግን ቤት በቀሩትም ጭምር ነው። በጥር 1945 ሶቪየት ኅብረት ከ17 እስከ 45 ዓመት የሆናቸውን ወንዶችና ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች ለግዳጅ ሥራ ወሰደች። ከሮማንያ የተጋዙት 70,000 ያህል ይሆናሉ። ከሴቶቹ መካከል ነጻ የተደረገችው ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን ያላት እናት ናት። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያላት ግን ልጇን ለአያቱ ትታ ወደ ዶንባስ የከሰል ማዕድን ወረደች። ከሄዱት ብዙዎቹ በረሃብና በብርድ አለቁ፤ ሌሎቹም የተመለሱት እስከ 1949 ባሉት ዓመታት ነው። በ2009 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ደራሲ ሄርታ ሙለር በባናት ክፍል የተወለደች የሮማንያ ጀርመናዊት ናት፤ እናቷም ከተጋዙት አንዷ ነበረች።

የተመለሱት ሰዎች መሬታቸውን አላገኙትም፤ በመጋቢት 1945 በወጣው የመሬት አዋጅ ተወርሶ ነበር። ከ1967 በኋላ ደግሞ ምዕራብ ጀርመን ለቻውሼስኩ መንግሥት በሰው ቁጥር ገንዘብ እየከፈለች ጀርመናውያኑን ማስወጣት ጀመረች። እስከ 1989 ከ200,000 በላይ ወጡ። ቻውሼስኩ ወድቆ ድንበሩ ሲከፈት፣ በ1990 ብቻ ከ110,000 በላይ ሄዱ። የእናቶቹን ሒሳብ መገመት አያዳግትም። ጎረቤት ሄደ፣ ከዚያ እህት ሄደች። የልጆች ጓደኛ ከሌለ የጀርመንኛው ትምህርት ቤት እንዴት ይቆማል? ማኅበሩ ከተበተነ ሬሳ ማን ያነሣል? መሄድ የማይፈልጉትን እንኳ የቀደሙት ጎተቷቸው። በ1930 በሮማንያ 745,000 ያህል ጀርመናውያን ይቆጠሩ ነበር፤ በ2021 የተገኙት 23,000 ያህል ብቻ ናቸው። በቪስክሪ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ታዲያ ቤቶቹ ባዶ ሆነው አልቀሩም። ሮማንያውያንና ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች ይኖሩባቸዋል፤ የቀድሞው ጎረቤት ዛሬ ባለቤት ሆኗል። ሥራ ግን አልነበረም፤ የኅብረት እርሻው ፈርሷል፣ ፋብሪካ በአቅራቢያው የለም። በዚህ መካከል በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴቶቹ ከበግ ፀጉር ካልሲ እየሠሩ ወደ ጀርመን አገር መሸጥ ጀመሩ። ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች በዚህ ሥራ ገብተዋል። ፀጉሩ ይታጠባል፣ ይፈተላል፤ ከዚያ በየደጃፉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅ እየጠበቁ፣ ወጥ እየተመለከቱ በሹራብ መርፌ ይሠሩታል። ያለቀውን በአጥርና በበር ላይ ሰቅለው ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም በሴቲቱ እጅ የሚገባ ነው፤ ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከሄዱት ጋር ላለመሄድ የወሰነች ሴትም አለች። የመንደሯ ተወላጅ ካሮሊን ፈርኖለንድ ሚሃይ ኤሚኔስኩ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆና የአሮጌዎቹን ቤቶች ጥገና መርታለች። የመንደሩ ሰዎችም በኖራ መለሰንን፣ ጡብና የጣራ ሸክላ መተኮስን ለመዱ። መንደሯ ከምሽግ ቤተ ክርስቲያኗ ጋር በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በ2006 ደግሞ የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ በዚያ ቤት ገዙ። ጎብኚው ከዚህ በኋላ በረከተ፤ የቤት ዋጋም አብሮ ወጣ፤ ይህን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም።

ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ በጋውን ምረጡ። ያን ጊዜ ከጀርመን ለዕረፍት የሚመለሱ ሳክሶኖችን ታገኛላችሁ። የወላጆቻቸውን መቃብር ያጸዳሉ፤ ያደጉበትን ቤት በር ያንኳኳሉ፤ የዛሬዋ እመቤት ከፍታ ታስገባቸዋለች። ካልሲ ስትገዙ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ፤ ንጹሕ ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ይጠባል።