የቤታችን የኔታ

ልጅን በቤት ማስተማር በዓለም ላይ ብዙ ደጋፊና ብዙ ነቃፊ ያለው ነገር ነው። በአሜሪካ አገር ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው በቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አሠራሩም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሆኗል። ከእነርሱም መካከል ስምንትና ዘጠኝ ልጆች ወልደው፥ እናቲቱ መምህር፥ የምግቡ ጠረጴዛ የመማሪያ ክፍል ሆኖ የሚኖሩ የካቶሊክ ቤተ ሰቦች ይገኛሉ። ለዚህም ከሃይማኖታቸው ድጋፍ አላቸው፤ 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፥ የልጅ የመጀመሪያዎቹና ዋናዎቹ አስተማሪዎች ወላጆቹ መሆናቸውን አስታውቋል። በጀርመን አገር ግን ይኸው ነገር የተከለከለ ነው፤ ልጆቻችንን እንደ ሃይማኖታችን በቤት እናስተምር ብለው የተከራከሩ ወላጆች እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄዱም፥ እ.ኤ.አ. በ2006 አቤቱታቸው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል።

ደጋፊው፥ ልጅ በወላጁ እጅ ሲማር ግብረ ገብነቱ አይጠፋም ይላል። ነቃፊው ደግሞ፥ ከእኩዮቹ ተለይቶ ያደገ ልጅ እንዴት ከሰው ጋር ይኖራል? ይላል። እኔ የማነሣው ጥያቄ ከሁለቱም ለየት ይላል። በቤት የሚሰጥ ትምህርት ክፍያ የለውም ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። እንግዲያስ ዋጋውን የሚከፍለው ከቤተ ሰቡ መካከል ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያስጠየቀኝ የራሳችን ቤት ነው። እኛ ካቶሊኮች አይደለንም፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመላ ኢትዮጵያ የካቶሊክ ምእመናን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ እኔም መርሳ ሳለሁ አንድም ካቶሊክ አላውቅም ነበር። የእኛ ቤት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ነው። ሆኖም ዘጠኝ ልጆች ነን፤ ሁላችንም ፊደል የቆጠርነው በቤት ነው፤ ቆይቶም ጊዜው አስገድዶን ቤታችን ፈጽሞ ትምህርት ቤት ሆነ።

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፥ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። አየሯ ሞቃት ነው፤ ማንጎና ብርቱካን ይበቅልባታል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ አገሩ ማሽላና ጤፍ ነው። አባታችን የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ከቅዳሴና ከሰሞን የሚተርፋቸውን ጊዜ በእርሻ ያሳልፋሉ። እናታችን ፍራፍሬ ወደ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። በቤታችን አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ወፍ ሲንጫጫ ይቀሰቀሳል፤ ፊቱን ታጥቦ ከደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ በስንደዶ እየነካ ይጮኻል። ከዚያ አቡጊዳ፥ ከአቡጊዳ መልእክተ ዮሐንስ፥ ቀጥሎም ወንጌልና ዳዊት ይከተላል። አንዱ ልጅ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ጨርሶ ዳዊት ደገመ የተባለ ዕለት እናታችን ድፎ ትደፋለች፤ ጎረቤትም ይጠራል። ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከገባንም በኋላ የማለዳው ንባብ አይቀርም ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። የእነርሱም ልጆች በዚያው ሰዓት ሉሓቸውን ታቅፈው ወደ ቁርዓን ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት የሁለት ትምህርት ድምፅ ይሰማል። ይህም በወሎ የቆየ ነገር ነው፤ ከእኛ በስተ ደቡብ በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር፤ በየጁም የዳና ሼሆች በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ ደረሳ አፍርተዋል። የቄሱም የሼሁም ትምህርት ቤት በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ መምህሩ ትልቁን ያስተምራል፥ ትልቁ መካከለኛውን፥ መካከለኛውም ትንሹን። አባታችን ለዘጠኝ ልጅ የበቁት በዚህ ሥርዓት ነበር። ታላቅ ወንድማችን ሥራ ፍለጋ ከቤት ከወጣ በኋላ ደግሞ የትልቁን ቦታ የያዘችው እትዬ ናት። እትዬ የምላት ታላቅ እኅቴን ነው፤ እኔ ከእርስዋ ቀጥዬ ሦስተኛ ነኝ፤ ከእኔ በታች ስድስት አሉ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። እትዬ ያን ጊዜ 10ኛ ክፍል ነበረች። በራዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ራዲዮ በልዩ ልዩ ክፍል ላሉ ልጆች አይበቃም። እትዬ ያለቀ ባትሪ ሰብራ ጥቁሩን በውሃ በጠበጠችና የጓዳውን በር ቀባችው፤ ሰሌዳ ሆነ። ጠመኔ ሲያልቅ በኖራ ትጽፍ ነበር። መጽሐፍ በቤታችን እንደ ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ አንዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አራት ልጅ አስተምሮ መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር፤ የጎደለውን እትዬ በቃልዋ ታስጽፍ ነበር። ማታ ቡና ሲፈላ ደግሞ የቃል ጥያቄ ይሆናል። አቦሉ ሲጠጣ አባታችን ከዳዊት ይጠይቃሉ፤ በቶና እትዬ ሒሳብ ትጠይቃለች፤ በረካው የእናታችን ስለ ነበረ እንቆቅልሽ ይሆን ነበር። እናታችን ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ነገር ግን ምጣዱ ላይ ሆና የልጆቹን ጩኸት ስትሰማ ኖራ፥ በዚያ ዓመት ስምዋን መጻፍ ቻለች።

በ2013 ትምህርት ተከፈተ፤ ነገር ግን ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ አገራችን ደረሰ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራት፥ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ቆየ፤ በመስከረምም የትምህርት ቤት ደወል አልተሰማም። እኛ ከቤታችን አልወጣንም። መብራትና ነዳጅ ስለ ጠፋ ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ ሰውም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሰ።

የእትዬ ቀን እንዲህ ነበር። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ዐሥር ሰው የሚበላውን እህል ትፈጫለች። ጎህ ሲቀድ ለታናናሾቹ ፊደል ታስቆጥራለች። ቂጣውን እየቆረሰች ስታድል ለ4ኛ ክፍሉ ልጅ የማባዛት ጥያቄ ትሰጠዋለች፤ ካልመለሰ ድርሻው አይቀርበትም፥ ነገር ግን መጨረሻ ይደርሰዋል። ረፋዱ ላይ እኔና እርስዋ ውሃ እንቀዳለን፤ በመንገድም የእኔን ትምህርት ትጠይቀኛለች። ጸጥ ባለ ቀን ወንዶቹ ማሽላ ለመጠበቅ ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ከወንጭፉም ጋር የሚያጠኑትን በቃላቸው ይዘው ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ በጓዳው በር ላይ ሳይንስና እንግሊዝኛ ይሆናል። ልብስ ማጠብ፥ ራት ማሰናዳት፥ የትንንሾቹን እግር ማጠብም አለ። የራስዋን የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ በምድጃው ብርሃን ነበር፤ ብዙ ጊዜም ገጹን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይጥላታል።

ተኩስ በሚሰማበት ቀን ሁላችንም ጓዳ እንገባለን፤ እርስዋ በዚያም ትምህርቱን አታቋርጥም። ነገር ግን ፊደል በሹክሹክታ አይያዝም። ፊደል የሚጠናው በጩኸት ነው፤ ጉሮሮ ካልተከፈተ ዜማው አይመጣም፤ ዜማው ካልመጣም ፊደሉ አይታወስም። ስለዚህ ትልልቆቹ በዝምታ ሒሳብ ሲሠሩ፥ የሁላችን ታናሽ የሆነው የአምስት ዓመቱ ልጅ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያነብ ነበር። እርስዋም ከንፈሩን እያየች ስሕተቱን ታርመው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የጎረቤቶቻችን ልጆች በአጥሩ ሽንቁር እየሾለኩ ሒሳብ ለመማር ይመጡ ጀመር። እናታቸውም አንድ ቀን አንድ ቁና ማሽላ ፈጭተው ዱቄቱን ላኩልን። በማግስቱ እትዬ ጎህ እስኪቀድ ድረስ ተኛች። ለማስተማርዋ የተከፈላት የመጀመሪያው ደመወዝ ይኸው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይመስለኛል።

አንድ ማታ አባታችን ልጆቹ ሲመልሱ ሰምተው ደስ አላቸውና፥ «ልጄ፥ አሁንስ የኔታ ሆንሽ» አሏት። እርስዋም ከወፍጮው ቀና ሳትል፥ «አባባ፥ የኔታንስ ተማሪው ለምኖ ያበላቸዋል፤ ለእኔ ማን ይፈጭልኛል?» አለቻቸው። አባታችን መልስ አልሰጡም። እናታችን ግን ተነሥታ መጁን ከእጅዋ ተቀበለቻት።

አገሩ ሲረጋጋ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ታናናሾቼ ሁሉ ክፍላቸውን ይዘው ቀጠሉ፤ አንዳቸውም ወደ ኋላ አልቀሩም። እትዬ በጥቅምት 2015 ለ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠች። በዚያ ፈተና ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፥ ይኸውም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እትዬ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም፤ ለሪሚዲያል ከተጠሩትም ውስጥ አልገባችም። እኔ በ2016 ስፈተን ያለፈው 5.4 ከመቶ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የተፈተንሁበትን እንግሊዝኛ ብዙውን የተማርሁት ከጓዳው በር ላይ ነው።

እትዬ ባታስተምር ኖሮ ታልፍ ነበር ለማለት አልችልም፤ ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚበልጠው ተፈታኝ እንዲሁ ወድቋልና። ነገር ግን ሌላው ያጠናበትን ሌሊት እርስዋ ፈጭታበታለች፤ ሌላው ያጠናበትን ቀን ለሰባት ልጅ አካፍላዋለች። ይህ ሒሳብ ለማንም ግልጽ ነው። አሜሪካዪቱ እናት ስታስተምር የራስዋን ትምህርት ጨርሳ ነው፤ የቤቱ ወጪም ብዙውን ጊዜ በባልዋ ደመወዝ ይሸፈናል፤ ልብሱንም መኪና ያጥብላታል። የኔታም ሲያስተምሩ የአገሩ ሰው ተማሪዎቻቸውን ይመጸውታል። በእኛ ቤት ግን አስተማሪዋ ራስዋ ተማሪ ነበረች፤ ሴት ልጅ በመሆንዋም ማስተማሩ ከወፍጮው አላሳረፋትም፤ በላዩ ተጨመረባት እንጂ። ወላጅ የልጁ የመጀመሪያ አስተማሪ ነው የሚለውን ቃል እኔም እቀበለዋለሁ። ሆኖም በብዙ ልጆች ቤት ወላጅ የሚለው ስም ሲመረመር፥ ብዙ ጊዜ ከውስጡ የምትገኘው የ17 ዓመት ልጃገረድ ናት።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እንደ ጓዳችን በር ያለ ሰሌዳ በስንት ቤት ተቀብቶ ይሆን? በየሰሌዳውስ ፊት የቆመችው ማን ናት?

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቴ በፊት አባታችን ሁላችንን ሰብስበው ተራ አወጡ። እህል ወፍጮ ቤት ማድረስና ውሃ መቅዳት ለወንዶቹ ሆነ። ከእኔ ቀጥላ ያለችው እኅቴ የትንንሾቹን ሒሳብ ተረከበች። አባታችን ሰሞን በሌለባቸው ማለዳ ዳዊቱን ራሳቸው ያስነብባሉ። ከቀትር በኋላ እስከ ራት ያለው ጊዜ የእትዬ ሆነ፤ በግል ተፈታኝነት እንደገና ለመቀመጥ እየተዘጋጀች ነው። ያ በከንፈሩ ብቻ ያነብ የነበረው ልጅ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዳዊት ደግሟል። በእትዬ ሰዓት ሰው ሲመጣ፥ እርስዋ እልፍኝ ተቀምጣ ሳለች፥ ደጅ ላይ ሆኖ «እትዬ የለችም» እያለ የሚመልሰው እርሱ ነው። ውሸቱን አባታችን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል።

የዚህ መጽሔት አንባቢ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከመካከላችን በታላቅ እኅቱ ትከሻ ላይ ወጥቶ እዚህ የደረሰ ብዙ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን እንገባለን። መጽሐፍ ይዘንላት ብንሄድ መልካም ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ሁለት ወር ሙሉ ሰሌዳውን ተቀብለን ሰዓትዋን ብንመልስላት ነው። እኔ የዘንድሮውን ክረምት ተራዬን ከወዲሁ አስይዣለሁ፤ የ3ኛ ክፍል ሒሳብና የ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ደርሶኛል።