ርካሽ መድፍ፣ ውድ ሒሳብ

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደንበጉይና ላይ ከጣሊያን ታንኮች ጋር ተገናኘ። ታንኮቹ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ ትንንሾች ነበሩ። መትረየሳቸው ፊት ለፊት የተተከለ ነው። እንደ ሌላ ታንክ ዙሪያውን የሚሽከረከር ጭንቅላት የላቸውም። የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ይህን ድክመት ለመጠቀም ጊዜ አልፈጀባቸውም። በጎንና በኋላ እየዞሩ ተጠጓቸው፣ ላያቸው ላይ ወጡ፣ በርካታዎቹንም ከጥቅም ውጪ አደረጉ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጀርመንና ሶቭየት ኅብረት ይህንኑ ድክመት የተሸከሙ ተሽከርካሪ መድፎችን እያወቁ በሺዎች አመረቱ። ለምን?

መልሱ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ታንክን ውድና ለሥራ አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የሚሽከረከረው ጭንቅላቱ ነው። እሱን አስቀርቶ መድፉን ከተሽከርካሪው አካል ጋር መግጠም ሥራውን ያቀልላል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ቁመቱን ያሳጥራል። ከሁሉም በላይ ያው ሻንሲ ከበፊቱ የሚበልጥ መድፍ መሸከም ይችላል።

ጀርመኖች ሲጀምሩ ታንክ ለማደን አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1935 ኤሪክ ፎን ማንሽታይን ከእግረኛው ጦር ጋር እየሄደ ምሽግ የሚያፈርስ ብረት ለበስ መድፍ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ሐሳብ የተወለደው ሽቱግ 3 አጭር 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዞ በ1940 ፈረንሳይ ዘመቻ ላይ ተሰለፈ። በ1941 ሶቭየት ኅብረትን ሲወሩ ግን ቲ-34 እና ኬቪ የተባሉ ታንኮች ጠበቋቸው። 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፋቸው እነዚህን መብሳት ሲያቅተው የገዛ ወታደሮቻቸው «በር አንኳኪ» እያሉ አላገጡበት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በርሊን ያገኘችውን ከተገኘው ጋር ማጋባት ጀመረች። ከሶቭየት የተማረከ 76.2 ሚሊ ሜትር መድፍ ጊዜው ባለፈበት የቼክ ታንክ ሻንሲ ላይ ተጫነና ማርደር ተባለ። የሽቱግ 3 አጭር መድፍም በ1942 በረጅሙ ተተካ። ይህ ረጅም መድፍ ሽቱግ ሻንሲውን የወሰደበት ፓንዘር 3 ታንክ በጭንቅላቱ ሊሸከመው ያልቻለው ነው። እግረኛን ለመርዳት የተሠራው መሣሪያ ታንክ አዳኝ ሆኖ አረፈ። ጦርነቱ እስኪያበቃ 10,000 ያህል ተመረተ።

ሶቭየቶችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ቼልያቢንስክ ላይ ኤስዩ-152 የተባለው ተሽከርካሪ በ1943 መጀመሪያ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሐሳብ ወደ ናሙና ደረሰ። የአንዱ ጥይት ክብደት ከ40 ኪሎ በላይ ነበር። ከ14,000 በላይ የተመረተው ግን ትንሹ ኤስዩ-76 ነው። እግረኛው ወደደው፤ መድፍ በሚያስፈልግበት ሰዓት አጠገቡ ይገኝለት ነበርና።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የብልሃት ታሪክ ይመስላል። ታዲያ የተቀነሰው ዋጋ የት ሄደ?

የትም አልሄደም። ወደ ምድብተኛው ተዛወረ። ኤስዩ-76 ጣሪያ አልነበረውም። ከላይ የሚወርድ ፍንጣሪም፣ የሩሲያ ክረምትም በቀጥታ የሚያርፈው ውስጥ ባሉት አራት ሰዎች ላይ ነው። ወታደሮቹ «ቂጡን የተራቆተ ፈርዲናንድ» የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም።

ፈርዲናንድ ራሱ የጀርመን ታንክ አዳኝ ነው። የፖርሽ ኩባንያ የታይገርን ውድድር ሲሸነፍ አስቀድሞ የተሠሩት ሻንሲዎች እንዳይባክኑ 90 ያህሉ ወደዚህ ተለወጡ። 65 ቶን ይመዝናል፣ የፊቱ ብረት 200 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሆኖም በሐምሌ 1943 ኩርስክ ላይ ሲገባ ቅርብ የመጣበትን እግረኛ የሚመታበት መትረየስ አልነበረውም። ብዙዎቹን ፈንጂ አስቆማቸው። አጃቢ እግረኛ ሲለያቸው ደግሞ ዕጣቸው ደንበጉይና ላይ ከታየው ብዙም አልራቀም። መትረየሱ የተገጠመው ለተረፉት ነው።

አሜሪካኖች የቆጠቡት ሌላ ነገር ነው። ኤም10 የተባለው ታንክ አዳኛቸው የሚሽከረከር ጭንቅላት ነበረው፤ የቀረለት ጣሪያውና ወፍራም ብረቱ ነው። እቅዱ እነዚህ ተሽከርካሪዎች ከኋላ ቆይተው የጠላት ታንክ ሰብሮ ወደገባበት እንዲሮጡ ነበር። ሜዳ ላይ ያሉ አዛዦች ግን እንደ ታንክም እንደ ተራ መድፍም አሰለፏቸው። ሠራዊቱ ይህን ክፍል በ1946 በተነው።

ይህ ሁሉ ውሳኔው ስህተት ነበር ለማለት አይደለም። ግንባር ላይ ያለ እግረኛ ነገ የሚመጣ ምርጥ ታንክ ሳይሆን ዛሬ የሚደርስ መድፍ ነው የሚያድነው። ደፈጣ ይዞ ለሚጠብቅ፣ ጎኑን እግረኛ ለሚጠብቅለት ምድብተኛ ሽቱግ ድንቅ መሣሪያ ነበር። ጥፋቱ የሚጀምረው የጎደለው ነገር ሲረሳ ነው፤ መዞር የማይችለውን መዞር እንደሚችል ቆጥሮ ማዝመት ሲመጣ ነው።

ዛሬም ስለ ርካሽ የጦር መሣሪያ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ያወጣል?» ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ዋጋው የቀነሰው ምን ጎድሎበት ነው፣ ጉድለቱንስ የሚሸፍነው ማን ነው? ቁጠባውን የሚፈርመው ቢሮ ውስጥ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ግን በጎን በኩል ነው፣ ውስጥ ለተቀመጠው ልጅ።