ያፈርሁበት ከረጢት
(ፍልሰታን በለቡ መብራት ኃይል)

ለቡ መብራት ኃይል በአዲስ አበባ ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። ክፍለ ከተማው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ለእንግዳ ሰው የሰፈሩ ስም ግር ይላል። «ለቡ» የቦታው ስም ነው። «መብራት ኃይል» ደግሞ ሕዝቡ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱን ከድሮ ጀምሮ የሚጠራበት ስም ነው።

ከሰፈሩ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው የፉሪ ተራራ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያም በለቡ ነው። የባቡሩ መስመር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ድሮ ማሳ የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅና አስፋልት ሆኗል።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ፎቁና ስለ ባቡሩ አይደለም። እዚያ ሄጄ ስለ በላሁት ምግብ ነው። ምግቡ እናንተም ቤት አለ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው በዚሁ ሰፈር ነው። ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ 4፣ ልጠይቃት ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቴ አንድ ከረጢት ሞልታ ሰጠችኝ። የገብስ ቆሎ አለበት። በሶ፣ ሽሮና ተልባ አለበት። ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ባቄላም አለበት።

እውነቱን ልናገር፤ በከረጢቱ አፈርሁ። «ፎቅ ሥር ለሚኖር ሰው ቆሎ ይዞ ይኬዳል ወይ?» አልሁ በልቤ። ስለዚህ ለቡ ከታክሲ እንደ ወረድሁ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ካርቶን ብስኩትና አንድ ትልቅ ጠርሙስ ለስላሳ ገዛሁ። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ልቤ ሞላ።

እህቴ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ወንድም ጋሼ! በዚህ ዝናብ መጣህ?» አለችና አገላብጣ ሳመችኝ።

ከረጢቱን ከበሩ ኋላ አስቀመጥሁት። ብስኩቱንና ለስላሳውን ግን ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ። ትልቋ ልጅ የብስኩቱን ካርቶን አነሣች። ጎኑን አገላብጣ ማንበብ ጀመረች።

«አጎቴ፣ እዚህ ላይ ‹የወተት ዱቄት› ይላል። ጾም አይደለም እንዴ?»

ዝም አልሁ። እኔም እኮ ማንበብ እችላለሁ! ግን ሳላነብ ገዛሁ።

የእህቴ ባል ደግሞ ለስላሳውን ዐይቶ ፈገግ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለእኔ ግን አልሆነኝም» አለ። ለካ ሐኪም የስኳር በሽታ እንዳለበት ከነገረው ዓመት ሆኖታል። ለስላሳና ጣፋጭ ነገር ተከልክሏል።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እህቴ ይሄኔ፣ «ያ ከረጢትስ ምንድን ነው?» አለች።

«እሱማ ምንም አይደል፣ እቴ። ያው የአገር ቤት ነገር ነው።»

ሄዳ ፈታችው። የተቆላው ገብስ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቹ እጃቸውን ሰደዱ። እህቴ በሶውን በእጇ አፍሳ አሸተተችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስጦታ ማለት ይሄ ነው እንጂ! የእናታችን ቤት ሸተተኝ» አለች።

ያፈርሁበት ነገር እነሱ የናፈቁት ነበር።

አምስት ቀን ከረምሁ። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከደጅ አይጠፉም። ወንዶቹ ለቡሄ ጅራፍ ይገምዳሉ። እህቴ በግቢዋ ትንሽ መሬት ላይ ጎመንና ቆስጣ ተክላለች። መሬቱ ሲያልቅባት በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢትና በተቆረጠ ጀሪካን አፈር ሞልታ ተክላለች። ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ታጠራቅማለች።

ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ደጅ ምንጣፍ እናነጥፋለን። አንድ ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን በሶ፣ አንድ ቀን እንጀራ በሽሮና በጎመን እንበላለን። ጎረቤትም ይጠራል። ፊት ለፊታችን ፉሪ ጉሙን ተከናንቦ ይታያል። ንፍሮ ከሰሐን ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ሰውም ይጫወታል። እንዲህ ያለ ደስታ ገንዘብ አይጠይቅም።

የእህቴ ባል ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆይም። ሐኪሙም የንስሐ አባቱም «የጾም ምግብ ብላ፤ ሰዓቱን ግን አታዘግይ» ብለውታል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢውል አደጋ አለውና። ጠዋት ጠዋት ከእርሱ ጋር በእግር እንሄዳለን። በመንገዱ ዳር ሴቶች የበቆሎ እሸት በከሰል ይጠብሳሉ። አንዷን እሸት ለሁለት ከፍለን እየበላን እንመለሳለን።

ለመሆኑ ይህ ምግብ ለምን ይጠቅማል?

ምግብ በሥራው በሦስት ይከፈላል። ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ይባላል። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና በቆሎ ኃይል ይሰጣሉ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ሰውነት ይገነባሉ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ፍራፍሬ በሽታ ይከላከላሉ። ስንዴና ባቄላ በአንድ ላይ ሲቀቀሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። አያቶቻችን ንፍሮን የቀላቀሉት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም ያለው ገለባው ላይ ነው። የእህል ቆዳ «አሰር» የሚባል ነገር አለው። አሰር ሆድን ያለሰልሳል፤ ድርቀትን ይከላከላል። ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲፈጭ ስለሚያደርግ ስኳሩ ወደ ደም በአንዴ አይገባም። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነቆዳው ይፈጫል። ነጩ የፉርኖ ዱቄት ግን አብዛኛው አሰር ተነፍቶ ወጥቶለታል። ብስኩት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከዚህ ዱቄት ነው፤ ስኳርም ይጨመርበታል።

ይሁን እንጂ ልክ አለው። ቆሎም ሆነ እንጀራ ከመጠን ካለፈ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። የእህቴ ባልም በምግብ ተማምኖ መድኃኒቱን አላቋረጠም። እናንተም አታቋርጡ።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። በከረጢቴ ጓያ ያልያዝሁት በምክንያት ነው። ጓያ ድርቅ የሚችል እህል ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ካደረጉት እግርን ያሽመደምዳል። የሽባነቱ መድኃኒት አልተገኘም። ጓያ መብላት ግድ ከሆነ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ያስፈልጋል። ከዚያም ከሌላ እህል ጋር አብዝቶ መቀላቀል ነው። ለብቻው አዘውትሮ መብላት አይገባም።

አትክልትም ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ወንዞች ውስጥ የቤትና የፋብሪካ ቆሻሻ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውሃ የሚለማ አትክልት አለ። በንጹሕ ውሃ ማጠብ ተውሳክን ይቀንሳል። ተክሉ በሥሩ የሳበውን መርዝ ግን አያወጣም። እህቴ በዝናብ ውሃ ጎመን የምታበቅለው ለዚህ ነው።

ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋቸዋል። ጾምን በተመለከተ ከንስሐ አባትና ከጤና ባለሙያ ጋር ቢመካከሩ ይበጃል። ደም ለመሥራት የሚረዳ ቪታሚን ቢ-12 የሚባል ነገር አለ። እርሱ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እነዚህን ፈጽሞ የሚተው ሰው ቪታሚኑን በክኒን ወይም በሌላ መንገድ ማግኘት አለበት።

ዓመቱን ሙሉ የሚተው ሰው አለ ወይ ትሉ ይሆናል። አዎን፣ አለ። በውጭ አገር «ቪጋን» ይባላሉ። በእንግሊዝ አገር በዚህ ስም ማኅበር ያቋቋሙት በ1937 ዓ.ም. ነው። እነሱ የእንስሳ ነገር የማይበሉት ለእንስሳቱ አዝነው ወይም ለጤናቸው ብለው ነው። የእኛ ጾም ግን አምልኮ ነው። ምክንያቱ ይለያያል፤ ገበታው ግን ይገናኛል። በዋሽንግተን ከተማ ባሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የውጭ አገር ሰዎች የጾም በያይነቱ አዝዘው ይበላሉ። እኔ በገዛ ቆሎዬ ሳፍር ሌላው ሽሯችንን ገንዘብ ከፍሎ ይበላል።

ነሐሴ 9 ተሰናብቼ ወጣሁ። እህቴ ከረጢቱን አጥባ መለሰችልኝ። በውስጡ የቆስጣ ዘር በወረቀት ጠቅልላ አስገብታበታለች። በወረቀቱ ላይ ትልቋ ልጅ በእርሳስ ጽፋለች፦ «አጎቴ፣ የሚመጣው ክረምት ቆሎ ብቻ ይዘህ ና።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ወገኖቼ፣ ከተማ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ የቤታችሁን እህል አትናቁ። ከሱቅ ስትገዙም ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የዕቃውን ጎን አንብቡ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ለውይይት
1. ጸሐፊው በከረጢቱ ያፈረው ለምንድን ነው?
2. ስንዴና ባቄላ በአንድ ላይ መብላት ለምን ይጠቅማል?
3. በአካባቢያችሁ ጓያ ይበላል? ጉዳቱን ለመቀነስ ምን ታደርጋላችሁ?
4. ቤታችሁ ካለ የታሸገ ዕቃ አንዱን አምጡ። በላዩ የተጻፈውን ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።