የዕንቁላሎቹ እርጥበትና የእኔ ደብተር

የዶሮ ዕንቁላል በሣጥን ውስጥ ሞቆ በ21 ቀን ጫጩት ይሆናል ሲባል፣ ሰው ኹሉ የሚያስበው ስለ ሙቀቱ ነው። እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ስለ እርጥበት የተማርኩት ከመጽሐፍ ይልቅ በኀፍረት ስለ ሆነ፣ ለጓደኞቼ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ታሪኩን እነሆ እጽፋለሁ።

ባለፈው ጥር በባዮሎጂ መምህራችን መሪነት ከእንጨት ሣጥን፣ ከአምፑልና ከትንሽ ማራገቢያ አንድ መፈልፈያ ሠራሁ። እናቴ ለገበያ ያጠራቀመቻቸውን 24 ዕንቁላሎች ለምኜ ተቀበልኳት። በዋጋቸው ለታናሽ እኅቴ ጫማ ልትገዛበት አስባ ነበር። መምህሩም አንድ ደብተር ሰጥተው፣ «በየሦስት ቀኑ ዕንቁላሎቹን እየመዘንህ ጻፍ» ብለው አዘዙኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዕንቁላል ቅርፊት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በእነዚህ በኩል ውሃው ተን እየሆነ ሲወጣ፣ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ስፍራ እየሰፋ ይሄዳል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዕንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከመቶ 12 እጅ ያህል ማጣት አለበት። እጅግ ቢበዛ ጫጩቱ ይደርቃል፤ እጅግ ቢያንስ አየር ያጣል።

አየሩ በሳሳበት ደጋ ውሃው ቶሎ እንደሚወጣ ሰምቼ ስለ ነበር፣ ውሃ በበዛ ቁጥር የተሻለ መሰለኝና ሦስት ሰፋፊ ሳሕን ሙሉ ውሃ በሣጥኑ ውስጥ አኖርኩ። መስተዋቱ ጠብታ ሲያወርድ ደስ አለኝ። መመዘኑ ስለ ሰለቸኝም፣ 1,200 ግራም ከነበረው ጠቅላላ ክብደት ላይ በየሦስት ቀኑ 24 ግራም እየቀነስኩ፣ ሳልመዝን የመዘንኩ አስመስዬ ጻፍኩ። በ18ኛው ቀን ደብተሬ 1,056 ግራም አለ፤ ልክ ከመቶ 12 እጅ የጎደለ።

ቀኑ ሲደርስ ከ24ቱ የወጡት ሦስት ብቻ ሆኑ። ኹለት ቀን ጠብቀን፣ መምህሩ የቀሩትን ከእኔ ጋር አንድ በአንድ ከፈቱ። ብዙዎቹ ጫጩቶች አካላቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ አብጠውና ረጥበው፣ የአየሩም ስፍራ ጠብቦባቸው ሞተው ተገኙ። መምህሩ ደብተሩን አይተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ደብተሩ ውሃው በልኩ ወጥቷል ይላል፤ ጫጩቶቹ አልወጣም ይላሉ። ከኹለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ የሞተ ደግሞ አይዋሽም» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ «ለእናትህም ንገራት» ብቻ አሉኝ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

እናቴ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ልጄ፣ ዶሮ እንኳ ከዕንቁላሏ ላይ ተነሥታ ታናፍሰዋለች። አንተ ምነው አፈንካቸው?» አለችኝ። ስለ ደብተሩ ምንም አልተናገረችም። ከወር በኋላ ግን ሌላ 24 ዕንቁላል ሰጠችኝ።

በዚህ ጊዜ ሙቀቱን በ37.5 ዲግሪ አጽንቼ፣ በተዋስኩት መለኪያ እያየሁ የሣጥኑን እርጥበት ከመቶ 50 ገደማ ያዝኩ። ሲበዛብኝ አንዱን ሳሕን አወጣሁ፤ እርጥበቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የፊቱ ስፋት ነውና። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀኖች ወደ 65 ከፍ አደረግሁት፤ ጫጩቶቹ በሚወጡበት ጊዜ ስስ ሽፋኑ ደርቆ እንዳይጣበቅባቸውም፣ ልቤ ቢቸኩልም ሣጥኑን አልከፈትኩም። የሚዛኑ ቁጥሮች እንደ ፊተኞቹ ያማሩ አልነበሩም፤ አንድ ጊዜ 31፣ አንድ ጊዜ 17 ግራም ይጎድላል። እንደ ሆኑት ጻፍኳቸው። 16 ጫጩቶች ወጡ።

እናቴ አውራዎቹን ሲያድጉ ሸጣ ለእኅቴ ጫማ ልትገዛ መድባቸዋለች። ደብተሩም ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀድጄ ልጥላቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ተውኳቸው፤ ያማረ ቁጥር ባየሁ ጊዜ እንዲያስታውሱኝ።