«ምንም የለበትም» ብዬ የመለስኩት ልጅ

ዛሬ የማወራችሁ በተለምዶ «የምክር አገልግሎት» ስለምንለው ስለ ካውንስሊንግ ነው። የምጀምረው ግን ከራሴ ስህተት ነው። (እናትየው እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፣ ቁርስ አይበላም፣ ከትምህርት ቤትም በተደጋጋሚ ይቀራል። ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» እየተባለ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል። መረመርኩት፤ የሰገራ፣ የሽንትና የደም ምርመራም አዘዝኩ። ሁሉም ደህና ሆነ። «ደስ ይበልሽ፣ ምንም የለበትም» ብዬ ሸኘኋቸው። እናትየው ጥቁር ለብሳ ነበር። አይቻለሁ፤ ግን ወረፋው ረጅም ስለነበር አልጠየቅኳትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሕመሙ ብሶበታል። በዚህኛው ቀን ልጁ ከነርሷ ጋር ውጭ እንዲቆይ አደረግኩና «ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?» አልኳት። እንባዋ ቀደማት። ባለቤቷ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ለልጁ ግን የተነገረው «አባባ ለሥራ ውጭ አገር ሄዷል» ተብሎ ነው። በለቅሶው ሰሞን አክስቱ ቤት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የአባቱን ስም የሚያነሳ የለም። እሷም የምታለቅሰው ሌሊት፣ እሱ ከተኛ በኋላ ነው።

እኛ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። የዚህን ልጅ ሆድ የፈጀው ይኸው ነበር። ልብ በሉ፣ ልጁ አላስመሰለም። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተገናኙ ናቸው። ጭንቀት ሲበዛ የአንጀት እንቅስቃሴ ይዛባል፣ ሕመም የመሰማት አቅሙም ይጨምራል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ላቦራቶሪ ላይ ግን አይታይም።

ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ልልካቸው ስል እናትየው ደነገጠች። «ዶክተር፣ ልጄ እኮ አላበደም! ምክር ከሆነ ደግሞ ዘመድም ንስሐ አባቴም መክረውኛል» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ምክር ሲባል ትልቅ ሰው ሲናገር፣ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ነው የሚታየን። «በርቺ፣ ለልጅሽ ስትይ ቻይው» ይባላል፤ ያበቃል። ካውንስሊንግ ላይ ግን በአብዛኛው ተናጋሪዎቹ እናንተ ናችሁ፣ አዳማጩ ባለሙያው ነው። ይጠይቃል፣ አይፈርድም። እንደ ሕይወት አደጋ ያለ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ በስተቀር የሰማውንም ለማንም አያወራም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ45 ደቂቃ ያህል መሄድ ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች የገባችው እናትየው ብቻዋን ናት። ከዚያ ለልጇ እንዴት እንደምትነግረው ከባለሙያዋ ጋር ተለማመደች፦ «አባባ ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። እኔ አለሁልህ።» «ተኝቷል» የተባለ ልጅ እንቅልፍን ሊፈራ ይችላል፤ «ሄዷል» የተባለ ደግሞ «ለምን ጥሎኝ ሄደ?» ይላል።

ስትነግረው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አውቃለሁ እማ። የሰፈር ልጆች ነግረውኛል። አንቺ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሰባት ወር ሙሉ እናት ለልጇ፣ ልጅም ለእናቱ ሲሉ ዝም ተባባሉ። ጠዋት ሆዱን የሚያመውም እሱ ትምህርት ቤት ሲውል እሷም እንዳትሞትበት እየፈራ ነበር።

ካውንስሊንግ ሐዘናቸውን አላጠፋውም፤ የሞተ አይመልስም። ግን የሆድ የሆዳቸውን መጫወት ጀመሩ። የልጁም ሕመም እያደር ቀነሰ፤ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

እናንተስ መቼ እርዳታ ትፈልጉ?

• የሆድ ሕመም ከትኩሳት፣ ከደም፣ ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ወይም ልጁን ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

• ሐዘን፣ ጭንቀት፣ ንዴት ወይም እንቅልፍ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ትዳርን ካወከ የባለሙያ እርዳታ ጠይቁ። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መጀመር ትችላላችሁ።

• «ሞቼ ባረፍኩ» የሚል ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት። ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጸሎቱን፣ ጸበሉን ተዉ እያልኩ አይደለም፤ አብሮ ይሄዳል። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ሲነሳ የምትደነግጡም አላችሁ። እዚያ በተመላላሽ ታክመው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው፤ ለካውንስሊንግ ደግሞ «ማበድ» አያስፈልግም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ደህና ሲሆን «ምንም የለበትም» ብዬ አልሸኝም። «ቤት እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው።

ሰላም ቆዩልኝ!