ልክን ማወቅ

በአርባ ምንጭ ተቀምጦ ስለ ጎልፍ መጻፍ ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም የጎልፍ ዱላ በእጄ ይዤ አላውቅም። ነገር ግን የዚህ ጨዋታ አንድ ደንብ አምና የሠራሁትን ጥፋት ቁልጭ አድርጎ ስላሳየኝ ላጫውታችሁ ወደድሁ።

በጎልፍ ኳሷን በጥቂት ምት 18ቱን ጉድጓድ ያዳረሰ ያሸንፋል። ጀማሪና የሠለጠነ አብረው ሲጫወቱ ሚዛኑ እንዳያጋድል ለእያንዳንዱ ሃንዲካፕ የሚባል የምት ቅናሽ ይታሰብለታል። ቅናሹ 20 የሆነ ሰው በ92 ምት ቢጨርስ 72 ይቈጠርለታል፤ ቅናሹ 5 የሆነው በ79 ቢጨርስ 74 ይሆንበታል። እንግዲህ ጀማሪው አሸነፈ ማለት ነው።

ቅናሹስ ከየት ይመጣል? ከ2012 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2020) ጀምሮ በዓለም በሚሠራበት ደንብ፥ ተጫዋቹ በቅርቡ ከተጫወታቸው 20 ጨዋታዎች መካከል እጅግ የቀኑት 8ቱ ብቻ ተመርጠው አማካያቸው ይወሰዳል። የሜዳው አስቸጋሪነትም በሒሳቡ ይገባል። ስለዚህ ሃንዲካፕ የሚያሳየው የሰውዬውን ተራ ቀን ሳይሆን ሲቀናው ሊሠራ የሚችለውን ነው፤ በአብዛኛው ቀንማ ከዚያ የበዛ ምት ያወጣል።

ይህን መጀመሪያ ስሰማ፥ «ታዲያ ለምን 20ውንም አይደምሩም?» ብዬ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ነው።

ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር በየማለዳው ከሲቀላ እስከ ሴቻ ያለውን ዳገት እንሮጥ ነበር። እርሱ በጨንቻ ብርድ ያደገ ደገኛ ነውና ሁልጊዜ ይቀድመኛል። አንድ ቀን፥ «የየቀኑን ሰዓትህን መዝግበህ አማካዩን ንገረኝ፤ በልዩነታችን ልክ አስቀድሜ እለቅሃለሁ፤ የተሸነፈ ዓሣ ይጋብዛል» አለኝ። ቃሌን አምኖ ሰዓቴን አልተቈጣጠረም።

እኔም እግሬ የከበደበትን ቀን ሳላዛንፍ ስጽፍ፥ የቀናኝን ቀን ግን «ዛሬ ነፋሱ አግዞኛል» እያልሁ እዘለው ጀመር። አንዳንድ ማለዳም ሁለቱን ሐይቆች የማይ መስዬ እጎተት ነበር። ውድድሩ ሲደርስ አሸነፍሁ። ጓደኛዬ ከቤት ከተላከለት ጥቂት ገንዘብ ላይ ከፍሎ፥ «በርትተሃል፤ ደስ ብሎኛል» አለኝ። ያ ምስጋና ከዓሣው አጥንት ይልቅ ጉሮሮዬን ወጋኝ።

የጎልፉ ደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሁሉ ቢደመር ኖሮ እንደ እኔ ያለው ሰው ሆን ብሎ መጥፎ ቀን እያበዛ ቅናሹን ያሳድግ ነበር። ከ20 ውስጥ 12ቱ ስለሚጣሉ ግን መጎተት እምብዛም አይጠቅመውም። ይሁን እንጂ መልካሙን ውጤት ጨርሶ ለሚደብቅ ሰው የሒሳብ መድኃኒት የለም። በውድድር ግን የተጫዋቹን ምት ሌላ ሰው መዝግቦ ይፈርምለታል።

በጋሞ ሽማግሌዎች ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ነውር የሠራ ሰው በደሉን ካልተናገረ መዘዙ ለእርሱም ለቤተ ሰቡም ይተርፋል ይባላል፤ በዱቡሻም በአደባባይ ተናግሮ ይታረቃል። እኔ ዱቡሻ የምወጣ ሰው ባልሆንም፥ አንድ ማታ ለጓደኛዬ ሁሉን ነገርሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «ዓሣው ይቅር፤ ደስ ያለኝን ደስታ ግን ወሰድህብኝ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ልክን ማወቅ ሲባል ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ለጥቅም ብሎ ራስን ማሳነስም ግን እንደ ጉራው ውሸት ነው። አሁንም ማለዳ ማለዳ ዳገቱን እንሮጣለን። ሰዓቱን እርሱ ይይዛል፥ መዝገቡን ሁለታችንም እንፈርማለን፤ እኔም በሐቅ እሸነፋለሁ።