«አንድ ዓይናዋ» መኪናችን እና የጣርማ በር ጨለማ

የፍቅሩና የትዳሩ ወሬ ለዛሬ ይቆየንና ስለ መኪና ላውጋችሁ። ስለ አዲስ መኪና እንዳይመስላችሁ! ስለ እኛ ቤቷ አሮጌ ኮሮላ ነው። በሰፈር የወጣላት ስም «አንድ ዓይና» ነበር። ለምን ብትሉ፣ ሁለቱ የፊት መብራቶቿ ተስማምተው አያውቁማ! ግራው ሲበራ ቀኙ ይጠፋል፣ ቀኙ ሲጠገን ግራው ያኮርፋል። ማታ ስንገባ የጎረቤት ልጆች «ሞተር ሳይክል መጣ!» እያሉ ይስቁብናል። እኛም አብረን እንስቃለን። ነገሩ የሚያስቅ እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሾፌር አንድ መብራት ብቻ ሲያይ እውነትም ሞተር ሳይክል ይመስለውና መሀል መንገዱን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተው ጨርሱት።

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። መኪናዋን ከእኛ ከልጆቹ እኩል ይወዳታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አምፖል በተቃጠለ ቁጥር መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፣ ተከራክሮ ይገዛል፣ ራሱ ይገጥማል። ወር ከምናምን ይቆያል፣ እንደገና ይቃጠላል። አባዬ «የዘንድሮ ዕቃ!» ብሎ ያማርራል። እማዬ ደግሞ «ይቺ መኪና ቡዳ በልቷታል» ትላለች። ለምን እንደሚቃጠል የጠየቀ ሰው ግን በቤታችን አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠየቅሁም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ ለአያታችን ተዝካር ወደ ደብረ ሲና ልንሄድ ተነሳን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ልንወጣ ተባብለን የወጣነው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነበር። (እኛ ቤት «አሁን እንወጣለን» ማለት «ገና ሻይ ይፈላል» ማለት ነው።) ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን አለፍን። ሸኖ ስንደርስ እማዬ «ቅቤ ሳልይዝ አልገባም» ብላ አስቆመችን። የሸኖ ቅቤ መቼስ ስሙ የታወቀ ነው። እሷ ስታሸትና ስትከራከር ግማሽ ሰዓት ሄደ። ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንገባ 12 ሰዓት ሆኗል፤ ብርዱ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች አይደለች!

ሻይ እየጠጣን አባዬ ለታናሽ እህቴ ታሪክ አወራላት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከሰማይ ብርሃን ታየና ንጉሡ ከተማዋን ቆረቆሯት፤ ስሟም ከዚያ መጣ አላት። እህቴ ወደ ኮሮላዋ ዞር ብላ «ታዲያ ለዚህችም ትንሽ አታወርድላትም ነበር?» አለች። ሳቅን። ያን ዕለት ሁለቱም መብራቶች በርተው ነበር፤ አባዬ በሳምንቱ መጀመሪያ አዲስ አምፖል ገጥሞ «እነዚህ እንኳ ፀሐይ ናቸው» ብሎናል። እውነትም ከወትሮው ይልቅ ያበሩ ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀን ቢሆን ዓይን የሚያጠግብ ነው። ገብሱ፣ በድንጋይ የታጠረው ግቢ፣ በግ የሚጠብቁት ባለ ጋቢ ልጆች… ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ «የምኒልክ መስኮት» የሚሉት ገደል አፋፍ አለ። እዚያ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሆድ ይባባል፤ ጭላዳዎቹም አጠገብዎ ሣር ይነጫሉ። እኛ ግን ያን ማታ ያየነው ጉም ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጣርማ በር በጉም ሲሸፈን የራስን መኪና አፍንጫ እንኳ ማየት ያስቸግራል። አባዬ ረጅሙን መብራት አበራ። ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ፊታችን ላይ ደፋብን። (በጉም ውስጥ የሚበራው አጭሩ መብራት ነው፤ ይህን ያዙልኝ።)

ዋሻው ደረሰ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ይሄ ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ የሚገኝ፣ ርዝመቱም 600 ሜትር ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ሰዉ እስከዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። ያን ማታ ውስጡ አንድም መብራት አልነበረም። ገባን። ግድግዳው ውሃ ያንጠባጥባል። መሀል ላይ ስንደርስ አንድ የሚቃጠል ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። «አባዬ፣ ምን…» ብዬ ሳልጨርስ ሁለቱም መብራቶች ድርግም!

እናንተ፣ እንዲህ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። እጄን ፊቴ ላይ ባደርግ አላየውም። እማዬ «እግዚኦ!» አለች፣ እህቴ ማልቀስ ጀመረች። አባዬ ፍሬን ይዞ ቆመ። ደግነቱ አራቱን ፍሬቻ ባንድ ጊዜ የሚያበራውን ማብሪያ ተጫንኩትና ሠራ። ለምን እንደሠራ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ለካ የፍሬቻው ሽቦና ፊውዝ ከፊት መብራቱ የተለየ ነው። በቢጫው ብልጭታ የአባዬን ፊት አየሁት። መሪውን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል።

ከኋላችን አንድ ኢሱዙ ገባ። ዋሻው በሙሉ ቀን ሆነ። ፍሬቻውን አይቶ ቆመልን፤ ባያይ ኖሮ ይቺን ጽሑፍ አታነቧትም ነበር። ረዳቱ ባትሪ ይዞ ወረደና «አይዟችሁ፣ እኛ ከፊት እንሆናለን፤ የኋላ መብራታችንን እያያችሁ ቀስ እያላችሁ ተከተሉን» አለ። ቀደመን። ተከተልነው። ከዋሻው ሲወጣ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ይጠብቃል፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል።

እዚያ ላይ ነው አባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እማዬ እንዳትሰማ አድርጎ፣ የጠየቀኝ።

«ቀይ መብራቱ የቱ ጋ ነው?»

ኢሱዙው ከፊታችን አሥር እርምጃ አይርቅም! ሁለት ቀይ መብራት እንደ ፍም ይታያል። ደነገጥኩ። «አባዬ፣ ቁም» አልኩት። ቆመ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወሬ ነበር፤ በከተማ እንኳ ብዙ አልነዳሁም። ምንም ሳይለኝ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ዞሮ መጣ፣ ቦታዬ ላይ ተቀመጠ። ጥሩንባ ነፋሁ። ኢሱዙው ጠበቀን። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ደብረ ሲና አደረስኳቸው። ሾፌሩ ሻይ እንኳ አልጠጣልንም፤ «ጭነት አለብኝ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ የከተማውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ አምፖሉን አወጣ፣ ጽሑፉን አነበበና አባዬን ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄን አምፖል ማን ገጠመልዎት?»

«እኔ ነኛ።»

«ይሄ እኮ 100 ዋት ነው! የእርስዎ መኪና የሚፈልገው 60 በ55 ነው።»

ያሳየንን ልንገራችሁ፣ ለእናንተም ይጠቅማል። ባለ 60 ዋቱ ረጅም መብራት በ12 ቮልት 5 አምፒር ይስባል። ባለ 100ው ከ8 በላይ ይስባል። ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም፣ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የኛ ሽቦና ሶኬት ይህን አልቻሉም። ቀልጠዋል። ፊውዙ ተቃጥሎ ሊያድነን ይገባ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከዚህ በፊት የሆነ «ባለሙያ» በሽቦ ጠቅልሎታል። ልጁ «በእሳት ያልነደዳችሁት በተአምር ነው» አለ። ፊውዝዎን በሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት የሚጠቀልል ሰው ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ!

ትልልቆቹ አምፖሎች የመጡት ግን በቅርብ ነው። ከዚያ በፊት ትንንሾቹስ ለምን ይቃጠሉ ነበር? እሱንም አገኘው። አባዬ ሲገጥም መስታወቱን በእጁ ይይዛል፤ የጣት ቅባት ሃሎጂን አምፖል ላይ ሲቀር ያ ቦታ ከልክ በላይ ይግልና ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ነው የሚያዝ። ከመብራቱ ወደ ቦዲው የሚታሰረው ሽቦም ዝጓል፤ አንዱ ጎን እየደበዘዘ የሚጠፋው በሱ ነው። ሞተር አስነስቶ ባትሪውንም ለካ፣ 14 ቮልት ላይ ነው፣ ደህና። 15 ቢያልፍ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ነው ማለት ነበር፤ ያም አምፖል ይፈጃል። ባጭሩ አንድ ጎን ብቻ ሲጠፋ አምፖሉን፣ ሶኬቱንና የቦዲውን ሽቦ ተጠርጠሩ፤ ሁለቱም ባንዴ ከጠፉ የጋራቸው የሆነውን ፊውዝ፣ ሪሌና ማብሪያ።

ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አባዬን «ትልቁን ለምን ገዛህ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ትንሾቹ ደበዘዙብኛ» አለ።

ለካ የደበዘዙት አምፖሎቹ አልነበሩም። ስንት ወር ሙሉ መንገዱ ሲጨልምበት ጥፋቱን መኪናዋ ላይ ሲያላክክ ኖሯል። እኛም እንዲሁ። አዲስ አበባ ተመልሰን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ «አልሄድም፣ አልታመምኩም» ብሎ ሁለት ሳምንት አስለምኖኛል። የሁለቱም ዓይን ሞራ ነው ተባለ። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ይሄው ሞራ ነው፣ ሐኪም ጋ በጊዜ ከተደረሰ ግን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሐኪሙ ማታ የሚመጣ መብራት ተበትኖ ዓይንህን ይወጋሃል ወይ ሲለው አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። እማዬ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ «አንተ ሰው!» ብቻ አለችው።

አንዱ ዓይኑ መጀመሪያ፣ ሌላው ከወራት በኋላ ተሠራለት። ኮሮላዋ ባለ 60 በ55 አምፖሏን ገጥማለች፤ ሁለቱም ይሠራሉ፣ የሰፈር ልጆች ስም ማውጫ አጥተዋል። ማታ የምነዳው ግን እስካሁን እኔ ነኝ። አባዬ ጎኔ ተቀምጦ «ቀስ በል»፣ «ማርሽ ቀይር» እያለ ነፍሴን ያወጣዋል። ባለፈው ከሰንዳፋ ስንመለስ ከሩቅ አንዲት ብርሃን ብቅ አለች። ሞተር ሳይክል መስላኝ መንገዴን ልቀጥል ስል አባዬ ክንዴን ያዘኝ።

«ወደ ዳር! ያ ሲኖትራክ ነው። አንድ ዓይና ነው።»